ሠላሳ አንደኛው በር

ቫልዲቪያ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ሰኔ ከገባ ወዲህ ሂድ ቢሉት አይሄድም።
የሆስፒታሉ ምድር ቤት ግድግዳው ያልበዋል፤
ከመደርደሪያው በላይ ላስቲክ ተወጥሯል።
ከላስቲኩ ስር ስዊቹ፣ አርባ ስምንት ዓይኑን
ሁለት ረድፍ አሰልፎ፣ አረንጓዴ ጥቅሻውን
ሲጠቅስ ያድራል።

ሁለት የኃይል ሳጥን ጀርባው ላይ አዝሏል፤
አንዱ ድንገት ቢሞት ሌላው ይሸከማል።
ማራገቢያው ሲደክም፣ ሳላጠፋው ነቅዬ
ሌላ እተካለታለሁ፤
ፎቅ ላይ ያለው የልብ ሐኪም ይቀናብኛል ብዬ
ለብቻዬ እስቃለሁ።

ያስተማረኝ ኤሊሴዮ ነው፤ ባንድ ጆሮው የማይሰማ፣
ኬብል መቁረጫ ከኪሱ የማይለይ፣ በጡረታ የማይስማማ።
“እይው፣ ሚያራይ፣” አለኝ፣ “ይሄ ሐሜት አያውቅም፤
ለላብራቶሪ የመጣን ቃል ለወጥ ቤት አያሰማም።
ማን በየት በር እንደሚኖር ሲናገር ሰምቶ ነው የሚለየው፤
የማያውቀውን ሰው ሲጠሩ ነው በር ሁሉ የሚያንኳኳው።
ለስልኩ ነገሩንም እራቱንም ባንድ ገመድ ይልክለታል፤
ሦስት መቶ ሰከንድ ዝም ያለን ግን ከመዝገቡ ይፍቀዋል።
አምስት ደቂቃ!
ቀብር እንኳ ከዚህ ይረዝማል።”

ባንድ ሳጥን ውስጥ፣ አጥር ሳይታጠር፣
ጎረቤቱን የማያይ አሥራ ሁለት ሰፈር፤
ራጁ በአንዱ፣ ደመወዙ በሌላው፣
የጠያቂው ስልክ ደግሞ ከሁሉ ጫፍ የራቀው።
የልብ ምት ሲመጣ መንገድ ይለቀቃል፤
የአስተዳዳሪው ኳስ ጨዋታ ወረፋ ይጠብቃል።

አንድ ቅዳሜ፣ ዶሚቲላ ወለል ስትወለውል፣ የወደቀ ኬብል አይታ፣
“ተነቅሎባቸው ነው” ብላ፣ በደግ ልቧ፣ ሁለቱንም ጫፍ ሰክታ
ሄደች።
ቃሉ ዞረ። ራሱን አገኘ። ራሱን ወለደ።
አንዱ ሰላምታ ሺህ ሆነ፣ ሺሁ እልፍ ሆኖ ነጎደ።
ዓይኖቹ ሁሉ ባንዴ በሩ፤ ፎቅ ላይ ስክሪኑ ደረቀ፤
አዋላጆቹ ወረቀት ሲፈልጉ የመሳቢያው እጀታ ወደቀ።
ኤሊሴዮ አልሮጠም። ወንበር ሳበ። “ቀለበት ነው” አለኝ፤
“ቀለበቱን የሚቆርጠውን ዘብ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።
ማክሰኞ፣ ለችኮላ። መልሼ ላበራው ነበር።”
ኬብሉን ነቀለው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።
በሪፖርቱ ላይ የዶሚቲላ ስም የለም።

ዘንድሮ ከሠሪዎቹ ደብዳቤ መጣ፤ ዕድሜው አልቋል ይላል፤
ከእንግዲህ በሽታ ቢያገኘው ማን መድኃኒት ይልክለታል?
አዲሱ በካርቶን መጣ፣ የፕላስቲክ ሽታ ይሸታል።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። የአሮጌውን ትዕዛዝ ወደ አዲሱ ስገለብጥ፣
ስዊች ሁለት ልብ አለው፤ ባምስት ደቂቃ የሚረሳው ከላይ፣ ሌላው ከውስጥ፣
መብራት ቢጠፋ የማይጠፋ።
ኤሊሴዮ በዚያኛው ላይ ለየበሩ ስም ጽፏል፦
“ማዋለጃ፤ አትንኩ።” “የፋርማሲ ፍሪጅ።”
“የዶክተር ኡሪቤ ፕሪንተር፤ ያለቅሳል።”
ሠላሳ አንድ ላይ ደረስኩ፦
“ኦፌሊያ፣ መስኮቱ ጋ።”

ዘጠኝ ዓመት ያልበራ በር።
መዝገብ ቤት ጠይቄ ነበር፣ ልብስ ማጠቢያም ጠይቄ ነበር፤
የሚያውቃት የለም። ኤሊሴዮን እንዳልጠይቅ፣
መጋቢት ላይ ቀበርነው፤ ሳንባው ነው፤ ብዙም ሳይማቅቅ።

ኬብሉን ተከትዬ ወጣሁ፣ አራተኛ ፎቅ፣ እስከ ጥግ ድረስ፤
የተሰበረ ተሽከርካሪ ወንበር የተከመረበት ክፍል፤
የግድግዳው መሰኪያ በቀለም ተደፍኗል፣
መስኮቱ ግን ወንዙን ያሳያል።
ዓሣ ገበያው ዘንድ የባሕር አንበሶቹ እንደ ሰካራም ይጮኻሉ።

ወረድኩ። መስመሩን ሰረዝኩት፤ ላልበራ በር ስም ለምኔ?
ጣቴ ግን ከቁልፉ አልተነሳም። እንጃ፣ ምን ነካኝ እኔ።
እንደገና ጻፍኩት፣ ፊደል በፊደል፦
ኦፌሊያ፣ መስኮቱ ጋ።
አስቀምጥ አልኩት። ሦስት ሰከንድ ፈጀበት።
ውጪ ነጋ።